የድሮ የጀርመን የመስታወት መብራት፦ አይቶ መግዛት፣ አድሶ መስቀል

ፍራንክፈርት ወይም ኮሎኝ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ብቅ በሉ። ከሸክላ ሳህኖቹና ከአሮጌዎቹ ካሜራዎች መሀል ከጣሪያ የሚንጠለጠል የመስታወት መብራት አይጠፋም። አቧራ ጠግቧል፣ ገመዱ ተቆርጧል፣ ሻጩም ብዙ ቦታ አይሰጠውም። ብዙዎቹ አዛውንቶች ቤት ሲለቁ ወይም ሲያርፉ ከዕቃ ጋር ተጠራርገው የወጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ያ አቧራማ መብራት ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ባሉት ዓመታት በምዕራብ ጀርመን ፋብሪካ፣ በሰው ትንፋሽ የተነፋ ሊሆን ይችላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ከመብራቱ ውስጥ ሌላ የማይተካው መስታወቱ ብቻ ነው። ገመዱ፣ የአምፖል መያዣው፣ ሰንሰለቱ፣ መንጠቆው ሁሉ ከሱቅ ይገዛል። ስለዚህ ገንዘባችሁንም ጥንቃቄያችሁንም መስታወቱ ላይ አውሉ። ለአሮጌው ገመድ ግን አትሳሱ።

1. መጀመሪያ ሠሪዎቹን እወቁ

ገበያ ላይ ስትቆሙ የሚጠቅማችሁ ሦስት አራት የቦታ ስም ነው።

አንደኛዋ ሊምቡርግ ናት፤ በላን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። ከፍራንክፈርት ኮሎኝ በፈጣኑ ባቡር የተመላለሰ ሰው ጣቢያዋን ያውቀዋል። ግላስሁተ ሊምቡርግ የሚባለው የመስታወት ፋብሪካ እዚያ የተቋቋመው በ1947 ነው። ወፈር ያለ፣ ላዩ ላይ አረፋ የመሰለ እብጠት የበዛበት መስታወት ካገኛችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኼ ፋብሪካ ነው። ከነደፉለት ባለሙያዎች መሀል ፊንላንዳዊቷ ሄለና ቲኔል ትገኝበታለች። በሀገሯ በሪሂማኪ መስታወት ፋብሪካ ለረጅም ዓመታት የሠራች ሴት ናት። ሄርበርት ፕሮፍትም ለሊምቡርግ ብዙ መብራት ነድፏል። ፋብሪካው በኋላ ቤጋ በሚባለው የመብራት ኩባንያ ሥር ገብቷል።

ሁለተኛዋ ዱረን ናት፣ ኮሎኝና አኸን መሀል። የዱረኑ ሠሪ ፓይል ኡንድ ፑትስለር ይባል ነበር። ስሙ የሁለት ቤተሰብ ነው። ፓይሎች ዱረን ውስጥ ቀድሞም መስታወት ይሠሩ ነበር። ፑትስለሮች ግን ፋብሪካቸው ሩቅ ምሥራቅ፣ በሽሌዚያዋ ፔንትሲግ ነበር፤ ያቺ ከተማ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመኖች ከዚያ ሲፈናቀሉ ሙያቸውን ይዘው ወደ ምዕራብ መጡና ከፓይል ጋር ተጣመሩ። ዱረን ራሷ ኅዳር 1944 በአንድ ቀን የአየር ድብደባ ወድማ ነበር። ከፍርስራሽ የሚነሳ ሀገር ቤት ያስፈልገዋል፣ ቤት ደግሞ መብራት ይፈልጋል። የነዚህ ፋብሪካዎች ጥሩ ዘመን የመጣው እንዲህ ነው። በ1924 ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪ እያለ ታዋቂውን ነጭ ጉልላት ያለውን የጠረጴዛ መብራት የሠራው ቪልሄልም ቫገንፌልድ በ1950ዎቹ ለዱረኑ ፋብሪካ ነድፏል። ቀለም ያላቸውን፣ ጅራት ጅራት የጣለባቸውን መስታወቶች ካያችሁ ደግሞ የአሎይስ ፈርዲናንድ ጋንግኮፍነርን ስም ያዙ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት የእሱ ናቸው።

ስለ ስደት ካነሳን አይቀር፣ ከሊምቡርግ አጠገብ ባለችው ሀዳማር በ1949 የመስታወት ሙያ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። የከፈቱት ከቦሂሚያ (ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ናት) የተፈናቀሉ ባለሙያዎች ናቸው። በእጃችሁ የያዛችሁት መብራት የተነፋው ሀገሩን ለቆ በመጣ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በኑረንበርግ ጥግ ያለችው ፉርት የመብራት ፋብሪካው የዶሪያ ቤት ነበረች። ዶሪያ የሚታወቀው በበረዶ መስታወት ነው። የጋለው መስታወት ለቅጽበት ውኃ ይነካና ላዩ ይሰነጣጠቃል። ከዚያ እንደገና እሳት ሲያገኝ ስንጥቁ ይሟሟና እንደ በረዶ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ያ ስንጥቅ ውበቱ እንጂ ጉዳቱ አይደለም፤ ጥፍር አይዝም።

ኔሃይም ግን ለየት ትላለች። የዚያች ከተማ ሙያ በአብዛኛው ብረቱና የኤሌክትሪክ ክፍሉ ነው። ይኼ ለምን እንደሚጠቅማችሁ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ታያላችሁ።

2. በእጃችሁ መርምሩ

ሻጩ ስለ ዕቃው የሚነግራችሁን ስሙ፤ ግን እጃችሁን እመኑ።

መስታወቱን በሁለት እጅ ያዙና አንዱን እጅ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ። ውጪው ላይ እብጠት ወይም ቅርጽ ካለ፣ ከውስጥ በኩል በዚያው ቦታ ጎድጎድ ያለ ነገር ጣታችሁ ይነካል። ትንፋሽ መስታወቱን ከውስጥ ወደ ቅርጽ ማውጫው ስለሚገፋው ውስጡም ውጪውን ተከትሎ ይሄዳል። ውስጡ ልሙጥ ሆኖ ውጪው ብቻ ቅርጽ ካለው ግን በማሽን ተጨፍልቆ የወጣ ነው። ይኼ ፍተሻ ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ቀጥሎ የመገጣጠሚያ መስመር ፈልጉ። ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር ስላያችሁ ብቻ «የማሽን ነው» ብላችሁ አትተዉት። ቅርጽ ያለው መስታወት ሁለት ቦታ በሚከፈት ማውጫ ውስጥ በአፍ ሲነፋም መስመር ይተዋል። ልሙጡና ክቡ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ መስመር የለውም። ምክንያቱም ነፊው በውኃ የራሰ የእንጨት ማውጫ ውስጥ መስታወቱን እየነፋ ያሽከረክረዋል። ከእንጨቱ የሚወጣው እንፋሎት መስታወቱና እንጨቱ እንዳይነካኩ ያደርጋል። ስለዚህ መስመር አይቀርም፤ ቢበዛ በጣም ስስ የሆነ የዙሪያ ጭረት ታያላችሁ።

ነጭ መስታወት ከሆነ አንገቱን አገላብጡት። አንገቱ የተቆረጠበትን ጠርዝ ወደ ብርሃን ስታዞሩት ጥሩው ዓይነት ሦስት ንጣፍ ያሳያል፦ ጥርት ያለ መስታወት፣ መሀል ላይ ወተት የመሰለ ነጭ፣ እንደገና ጥርት ያለ። ሦስቱን ንጣፍ አንድ ላይ አድርጎ እኩል መንፋት ትልቅ ሙያ ነው። ርካሹ ዓይነት ግን ተራ መስታወት ሆኖ ውስጡ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ቀለም ከሆነ ጭረት ይኖረዋል፣ አንገቱ ጋ ተልጦም ይገኛል።

አሁን ስንጥቅ። የስልካችሁን መብራት ከውስጥ አብሩና መስታወቱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ከዚያ በጣት አንጓ ለስለስ አድርጋችሁ ኳ አድርጉት። ደህና መስታወት ድምፁ ይቆያል፤ የተሰነጠቀ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ወዲያው ይሞታል። አንገቱ ላይ ትንሽ ፍርፋሪ ቢጎድል አትፍሩ። ብረቱ ይሸፍነዋል፣ ዋጋ ለመቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው። ከፍርፋሪው ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ካለ ግን አስቀምጡትና ሂዱ። ምንም ያህል ቢያምር ከጭንቅላታችሁ በላይ አትሰቅሉትም።

ትናንሽ የአየር ነጠብጣብ፣ መጠነኛ የውፍረት ልዩነት፣ ጥቂት ማዘንበል፣ እነዚህ የእጅ ሥራ ምልክት ናቸው። በ2023 ዩኔስኮ በእጅ የሚሠራ መስታወት ሙያን ጀርመንን ጨምሮ በስድስት አገሮች ስም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

3. ማኅተሙን አንብቡ፤ ግን በትክክል

የፋብሪካው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ነው። መስታወቱ ላይ ወይም ከጣሪያ ጋር የሚያያዘው የብረት ኩባያ ውስጥ ይገኛል። በፍጹም አትላጡት፤ ማስረጃውም ዋጋውም እሱ ነው።

ተለጣፊው ላይ አድራሻ ካለ የፖስታ ቁጥሩን ቁጠሩ። ምዕራብ ጀርመን ባለአራት አሃዝ ቁጥር መጠቀም የጀመረችው በ1960ዎቹ መግቢያ ነው። ባለአምስት አሃዙ ሐምሌ 1993 መጣ። አራት አሃዝ ካያችሁ መብራቱ ከእነዚህ ሁለት ጊዜያት መሀል ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ካለው ከ1990 ውህደት በፊት የተሠራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሲ-ኢ ምልክት ካለበት ግን ወይ መብራቱ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው፣ ወይ ያ ክፍል በኋላ ተቀይሯል።

ሻጮች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። የአምፖል መያዣው ላይ የታተመውን ስም የመብራቱ ሠሪ አድርገው ይጽፋሉ። በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ፋው-ዴ-ኤ (VDE) የጀርመን የኤሌክትሪክ ማኅበር የፍተሻ ምልክት ነው፣ የፋብሪካ ስም አይደለም። ቤ-ዮት-ቤ (BJB) የሚለውም የመብራቱ ሠሪ አይደለም። እሱ በ1867 ኔሃይም የተቋቋመ፣ የአምፖል መያዣ ለብዙ ፋብሪካዎች የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ሁለቱም ስለ መስታወቱ የሚነግሯችሁ ነገር የለም።

ተለጣፊ የሌለው መብራት ላይ «ሙራኖ» (በመስታወት የታወቀችው የጣሊያን ደሴት) ወይም «ባውሃውስ» የሚል ስም ሲለጠፍ ዋጋው ይዘላል። ማስረጃ ጠይቁ። ከሌለ መስታወቱን በመስታወትነቱ ዋጋ ስጡት።

4. ይዞ መሄድ

ሦስት ነገር ነጥሉ፦ መስታወቱን፣ ብረቱን፣ አምፖሉን። አምፖሉን ውስጡ ትታችሁ አትጓዙ። መስታወቱን በፎጣ ጠቅልሉ፣ ሆዱንም በልብስ ሙሉት። ለአዲስ አበባ የምትወስዱት ከሆነ በእጅ የሚያዝ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ብረቱ በትልቁ ሻንጣ ይሂድ።

5. ማጠብ

የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፉና ለብ ያለ ውኃ ከጥቂት ላርጎ ጋር ጨምሩ። ቀዝቃዛ መስታወት ላይ የፈላ ውኃ አታፍስሱ፣ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። በረኪናም፣ የድስት ሽቦም አይነካውም። የሲጋራ ጢስ ያጠለሸው መስታወት ቢጫ ውኃ ደጋግሞ ያወጣል፤ ውኃውን እየቀየራችሁ ጥርት እስኪል ታገሡ። የኖራ ነጭ ዱካ ካለ አቼቶ በውኃ ቀጥኖ ያስለቅቀዋል። ናሱን ግን አቼቶ አታስነኩት።

ላዩ የደበዘዘውና ሲነኩት ሐር የሚመስለው ዓይነት የጣት ቅባት ይይዛል። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ የጥጥ ጓንት ያዙት። ናሱንም አንፀባራቂ ለማድረግ አትቸኩሉ። ብዙዎቹ ላይ ቫርኒሽ አለ፤ ከፈተጋችሁት ዥጉርጉር ይሆናል።

6. ገመዱን ቀይሩ

«ይሠራል እኮ፣ ሞክሬዋለሁ» የሚል ሻጭ ብዙ አለ። አምፖሉ ስለበራ ብቻ ገመዱ ደህና ነው ማለት አይደለም። የ60 ዓመት ጎማ ውስጡ ደርቋል። ገመዱን ስታጥፉት ይፈረፈርና መዳቡ ይወጣል። በተለይ አምፖሉ አጠገብ ያለው ክፍል ለዓመታት ሙቀት የበላው ስለሆነ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ይኼን ልብ በሉ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጀርመን ውስጥ ቀይ ገመድ የመሬት መስመር ነበር። ጥቁሩ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው)፣ ግራጫው ኒውትራል (የሚመልሰው)። ዛሬ ቀይ ያየ ሰው ሁሉ «ፌዝ ነው» ብሎ ያገናኘዋል። እንዲያ ሲሆን ኤሌክትሪኩ የመብራቱ ብረት አካል ላይ ይገባል፤ ብረቱን የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። በዘመኑ በተሠራ የጀርመን ቤት ጣሪያ ውስጥም ይኸው የቀለም አደራደር ሊገጥማችሁ ይችላል። ቀለም አትመኑ፣ በመለኪያ ፈትሹ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መብራቱ መሬት ላይ እንዳለ የብረት ኩባያውን ፈቱ፣ ከመፍታታችሁ በፊትም በስልክ ፎቶ አንሱት። አሮጌውን ገመድ ጎትታችሁ አውጡ። የአምፖል መያዣው ከተሰነጠቀ ወይም ውስጡ ያለው ናስ ከጠቆረ እሱንም ቀይሩት። የጀርመን ትልቁ የአምፖል ጥርስ ኢ-27 ነው፣ ትንሹ ኢ-14። የሚሰካበት ቧንቧ ጥርስ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። አሮጌው ገመድ ሁለት ሽቦ ብቻ ቢሆንም፣ መብራቱ ብረት ካለው በባለሦስት ሽቦ ተኩት፦ ቡናማ ለፌዝ፣ ሰማያዊ ለኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ለመሬት። ፌዙ የሚያያዘው የአምፖሉን ታች ጫፍ ከሚነካው መሀለኛው ናስ ጋር ነው፤ ኒውትራሉ ከጥርሱ ጋር። የመሬቱን ሽቦ ከብረቱ አካል ጋር በብሎን አጥብቁት። በጨርቅ የተሸፈነ አዲስ ገመድ ሱቅ ውስጥ ስላለ መልኩም አይጎድልበትም።

የመስታወቱ ክብደት በመዳቡ ክር ላይ አይንጠልጠል። ገመዱን ነክሶ የሚይዝ ማሰሪያ መግቢያው ላይ ይኑር። ከበድ ያለ ከሆነ በሰንሰለት ወይም በቀጭን የብረት ገመድ ስቀሉት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ቮልቴጁ ከጀርመን ጋር ስለሚቀራረብ መቀየሪያ አያስፈልጋችሁም። የአምፖል ጥርሱም ገበያ ላይ ያለው ነው። አሜሪካ ያላችሁ ግን 120 ቮልት ላይ ስለሆናችሁ አምፖሉን ከዚያው ግዙ። ገመዱንና መያዣውንም እዚያ ሀገር በተፈተሸና ዩ-ኤል የሚል ማረጋገጫ ባለው ክፍል አስተኩ። ኢንሹራንስ ይጠይቃል።

የመብራት ሥራ ካልለመዳችሁ ይኼን ደረጃ ለኤሌክትሪሺያን ስጡ። እናንተ ግን ስለ ቀዩ ገመድ ንገሩት።

7. መስታወቱን መግጠም

ብዙዎቹ መስታወቶች አንገታቸው በብረት ቀለበት ውስጥ ገብቶ በሦስት ትናንሽ ብሎኖች ይያዛል። የሰው እጅ የሚያበላሸው እዚህ ነው። ሦስቱንም በየተራ፣ በጣት ብቻ፣ መስታወቱን እስኪነኩ አዙሩ። ካቻቢቴ አታንሱ። ሁሉም ከነኩ በኋላ ሩብ ዙር መልሷቸው። መስታወት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ቦታ ካጣ ከአንገቱ ይሰነጠቃል። የብሎኖቹ ጫፍ ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ብታጠልቁ መስታወቱ ብረት አይነካውም። ስትጨርሱ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳብ አድርጉት። አንገቱ ከብሎኖቹ በላይ ያለው ወፍራም ጠርዝ ሊይዘው ይገባል።

8. አምፖል መምረጥ

ኤል-ኢ-ዲ አድርጉ። ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ መስታወቱም መያዣውም ያርፋሉ። ግን የትኛውም ኤል-ኢ-ዲ አይሆንም። ግማሽ አካሉ ነጭ ፕላስቲክ የሆነው የተለመደው አምፖል ብርሃኑን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚልከው። መብራቱ ተንጠልጥሎ አምፖሉ ወደ ታች ሲያይ የመስታወቱ የላይኛው ግማሽ ጨለማ ይሆናል፤ ሦስት ንጣፍ ነጭ መስታወት የተነፋበት ምክንያት ገደል ገባ። ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነውን፣ ውስጡ ክር የመሰለ ኤል-ኢ-ዲ ያለውን ግዙ። እሱ በሁሉም አቅጣጫ ያበራል። ለነጭ መብራት ደብዛዛውን፣ ለአረፋማውና ለበረዶ መሰሉ ጥርት ያለውን ውሰዱ። ጥርት ያለው አምፖል የመስታወቱን እብጠቶች ጥላ ግድግዳው ላይ ይጥላል። የቀለሙ መጠን 2700 ኬልቪን ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ብርሃን ሆስፒታል ያስመስለዋል።

9. መስቀል

ከቆጣሪው ብሬከሩን አጥፉ፤ በቴስተርም አረጋግጡ። የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

መብራቱን በቤት ሚዛን መዝኑ። መንጠቆው ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚችል ይሁን። ኮንክሪት ሶሌታ ከሆነ በድሪል ቀዳችሁ ፊሸርና መንጠቆ ማስገባት ነው። የችፑድ ኮርኒስ ከሆነ ግን ችፑዱ ምንም አይሸከምም። ከበላዩ ያለውን ሞራሌ ፈልጉና መንጠቆውን እሱ ላይ አጥብቁ። መንጠቆውን በእጃችሁ በኃይል ወደ ታች ሳቡት፣ ንቅንቅ ካለ አትስቀሉ።

ለመስቀል ሁለት ሰው ይሻላል። መጀመሪያ ብረቱና ገመዱ ይውጣ፣ ይገናኝ፣ ያለ መስታወት ይብራ። መስታወቱ መጨረሻ ላይ ይገባል። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ከሆነ ከጠረጴዛው ገጽ እስከ መብራቱ ታች ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ማየት አለባችሁ፣ አምፖሉም ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ከሆነ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 ይሁን።

አንድ ሰዓት ያህል አብርታችሁ ተዉትና አጥፉ። ከዚያ መያዣው አካባቢ ያለውን ብረት ንኩ። ለብ ካለ ደህና ነው፤ ካቃጠላችሁ አምፖሉን በትንሽ ዋት ቀይሩ። ከሳምንት በኋላም ሦስቱን ብሎኖች በጣታችሁ እንደገና ፈትሹ።